ካውንስሉ «መንገዱን መርምረናል» ብሎ ካሳ ሲከለክል

የላኩልኝ ጥያቄ ረዘም ያለ ስለሆነ፣ ሌሎች አንባቢዎችም እንዲከታተሉን በአጭሩ ላስቀምጠው። እናትዎ የ67 ዓመት እናት ናቸው፤ በእንግሊዝ አገር ከእርስዎ ጋር ይኖራሉ። ከስምንት ወር በፊት በሰፈራችሁ የእግረኛ መንገድ ላይ፣ አንድ ጎኑ ከፍ ብሎ በወጣ የንጣፍ ድንጋይ ተደናቅፈው ወደቁና የቀኝ እጃቸው አንጓ ተሰበረ። እርስዎ በማግስቱ ቦታውን በስልክዎ ፎቶ አነሡ፤ በማስመሪያ ሲለኩት ከፍታው 3 ሴንቲሜትር ያህል ሆነ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ካውንስሉ፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር፣ ድንጋዩን አስተካከለው። ካሳ ሲጠይቁ ግን የመጣልዎት መልስ «መንገዱ በፕሮግራሙ መሠረት ተመርምሯል፤ በመጨረሻው ምርመራ ጉድለት አልታየም፤ በ1980ው የመንገዶች ሕግ አንቀጽ 58 መሠረት ኃላፊነት የለብንም» የሚል ነው። አንድ ጎረቤታችሁ ደግሞ ይህንኑ ድንጋይ ከአደጋው በፊት ለካውንስሉ ደውለው አመልክተው እንደነበር ነግረውዎታል። «ነገሩ በዚህ አበቃ? ወይስ መክሰስ እንችላለን?» ብለው ጠይቀዋል። በመንገድ ጉድጓድ የተጎዳውን የወንድምዎን መኪና ጎማና የተቀሩትን የመንገዱን ድንጋዮችም አንሥተዋል፤ እነሱን ወደ መጨረሻው እመጣባቸዋለሁ።

አላበቃም። ደብዳቤው የካውንስሉ ወይም የመድን ድርጅቱ አቋም እንጂ የፍርድ ቤት ውሳኔ አይደለም። እንዲያውም አንቀጽ 58ን የጠቀሰ ተከሳሽ ራሱ ላይ አንድ ሸክም አንሥቷል፤ «መርምረናል» ማለቱ አይበቃውም፣ ማስረዳት አለበት። ይሁን እንጂ ከዚያ በፊት እናትዎ የሚያልፉት አንድ ደረጃ አለ፤ ብዙ የካሳ ጥያቄ የሚወድቀውም እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም በቅደም ተከተል እንያቸው።

ሕጉ ከየት እንደመጣ ማወቅ የደብዳቤውን አነጋገር ለመረዳት ይረዳል። በእንግሊዝ ሕግ ለረጅም ጊዜ መንገድ ባለመጠገኑ ለተጎዳ ሰው ካሳ የሚከፍል አካል አልነበረም። በ1788 የዴቨን አውራጃ ነዋሪዎችን ሳይጠገን በቆየ ድልድይ ምክንያት ጋሪው የተጎዳበት ሰው ከሷቸው ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ነዋሪዎቹ በእንዲህ ያለ ክስ ሊጠየቁ አይችሉም ብሎ አሰናበታቸው። ያ አቋም ለመንገድ ባለሥልጣናት እየተላለፈ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ዘለቀ። ባለሥልጣኑ መንገዱን እየሠራ አበላሽቶ ጉዳት ካደረሰ ይጠየቃል፤ ምንም ሳይሠራ ዝም ብሎ ከተወው ግን አይጠየቅም ነበር። እኔ እስከ ዛሬ ይህን ልዩነት ፍትሐዊ ነው የሚያሰኝ ምክንያት አላየሁም፤ ለተሰበረ እጅ ጉድጓዱ በመቆፈር መጣ በመተው መጣ ለውጥ የለውም። ፓርላማው ይህን ከለላ በ1961 በወጣ ሕግ አነሣ፤ ሕጉ በሥራ ላይ የዋለው ደግሞ በነሐሴ 1964 ነው (ዘመኑ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ፓርላማው ከለላውን ሲያነሣ ለካውንስሎች በምትኩ አንድ መከላከያ ሰጣቸው። ዛሬ አንቀጽ 58 የሚባለው እሱ ነው።

አሁን ባለው የ1980 ሕግ አንቀጽ 41 የመንገድ ባለሥልጣኑ በሕዝብ ገንዘብ የሚጠገኑ መንገዶችን የመጠገን ግዴታ ይጥልበታል። የእግረኛ መንገድም በዚሁ ውስጥ ነው። ይህ ግዴታ በራሱ «ተጠንቅቄያለሁ» በማለት የሚቀል አይደለም፤ መንገዱ ባለመጠገኑ አደገኛ ሆኖ ሰው ከተጎዳ ግዴታው ተጥሷል ማለት ነው። ጥንቃቄው የሚመዘነው ቀጥሎ፣ በአንቀጽ 58 ነው። እዚህ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ ይነሣል፦ ድንጋዩ በሕግ ዓይን «አደገኛ» ነበር ወይ?

ስለዚህ ጉዳይ ሁሌም የሚጠቀሰው በ1992 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሚልስ በተባሉ ሴትና በባርንስሊ ካውንስል መካከል የሰጠው ውሳኔ ነው። ከሳሽ ሦስት ነገር እንዲያስረዱ ይጠበቃል፤ መንገዱ ሕዝቡ ሲገለገልበት ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል አስቀድሞ በሚገመት ሁኔታ ላይ እንደነበረ፣ ይህ ሁኔታ የመጣው ባለመጠገኑ እንደሆነ፣ ጉዳቱም በዚያ ምክንያት እንደደረሰ። እኚያ ሴት ተሸንፈዋል። የጫማቸው ተረከዝ የገባበት የንጣፍ ማዕዘን ቀዳዳ ስፋቱ 2 ኢንች ያህል፣ ጥልቀቱ 1 ኢንች ከሩብ ነበር፤ ይህም በሴንቲሜትር ከ3 ትንሽ ያልፋል። ከእናትዎ ድንጋይ ጋር የሚቀራረብ ቁጥር ነው፤ ስለዚህ የካውንስሉ ጠበቃ ይህን ውሳኔ እንደሚጠቅስ አስቀድመው ይወቁ። ከዚያ በፊት በ1968 በሊቨርፑል በታየ ክስም ዳኛው በንጣፎች መካከል ያለ አንድ ኢንች ያህል የከፍታ ልዩነት ሰው ሊያደናቅፍ ቢችልም በከተማ መንገድ ላይ ሊታገሡት የሚገባ ነገር ነው፣ መንገድ እንደ ቦውሊንግ ሜዳ ለጥ ያለ እንዲሆን አይጠበቅም ብለዋል።

ታዲያ ለምን ተስፋ አለ እላለሁ? ምክንያቱም ፍርድ ቤቶቹ ደጋግመው እንደተናገሩት ሚሊሜትር ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። በብዙ ካውንስሎች የውስጥ መመሪያ የእግረኛ መንገድ ጉድለት ከ20 ሚሊሜትር ወይም ከ25 ሚሊሜትር ጀምሮ፣ የመኪና መንገድ ጉድጓድ ደግሞ ከ40 ሚሊሜትር ጀምሮ ለጥገና ይመዘገባል። እነዚህ የሥራ መለኪያዎች እንጂ የሕግ ድንበሮች አይደሉም፤ ከነሱ ያነሰ አደገኛ ሊሆን፣ የበለጠም አደገኛ ላይሆን ይችላል። በሚልስ ጉዳይ የነበረው የተረከዝ ጫፍ ብቻ የሚያስገባ ትንሽ ቀዳዳ ነበር። በእርስዎ ፎቶ ላይ የማየው ግን ሌላ ነው። የድንጋዩ ጎን በሙሉ ርዝመቱ ተነሥቷል፤ ያውም በመንገዱ ዳር ሳይሆን ሰው በሚራመድበት መሐል፣ ለሚመጣው ሰው እግር ተጋድሞ። ከአጠገቡ የአውቶቡስ ማቆሚያ አለ። ሽማግሌዎችና ጋሪ የሚገፉ እናቶች ቀኑን ሙሉ የሚያልፉበት መንገድ ነው። በውሳኔው ላይ የምፈርም ዳኛ ብሆን ለዚህ ልዩነት ትልቅ ክብደት እሰጠው ነበር። እናም ዓይንዎን ከ3 ሴንቲሜትሩ ላይ አንሥተው ስለ ቦታው፣ ስለ ጉድለቱ ቅርጽና ስለሚያልፈው ሕዝብ የሚያሳይ ማስረጃ ይሰብስቡ። ማስመሪያው ያለበት ፎቶ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ የመንገዱን ሁለት ጫፍ የሚያሳይ ሰፋ ያለ ፎቶ ከሌለዎት ግን አሁንም ሄደው ያንሡ። ድንጋዩ ቢስተካከልም የአውቶቡስ ማቆሚያው አልተነሣም።

ካውንስሉ ድንጋዩን በኋላ ማስተካከሉ ጥፋትን እንደማመን ይቆጠር እንደሆነ ጠይቀዋል። በራሱ አይቆጠርም፤ እንዲያ ቢሆን ኖሮ ማንም ባለሥልጣን ከአደጋ በኋላ ለመጠገን በፈራ ነበር። ይሁንና የጥገናው ትእዛዝ ወረቀት ትልቅ ነገር ሊናገር ይችላል። መርማሪው ከአደጋው በኋላ ሲመጣ ጉድለቱን ለክቶ፣ ፎቶ አንሥቶ፣ ደረጃ ሰጥቶታል። በ24 ሰዓት ውስጥ ይጠገን ከሚባለው ደረጃ ተመድቦ ከነበረ፣ ያው ካውንስል ፍርድ ቤት ቀርቦ «አደገኛ አልነበረም» ማለት ይከብደዋል። ዝቅተኛ ደረጃ ተሰጥቶት ከነበረም ያንን አስቀድሞ ማወቅ ለእርስዎ ይጠቅማል።

አሁን ወደ አንቀጽ 58 እንምጣ። እናትዎ አደገኛነቱን ካስረዱ በኋላ የማስረዳት ሸክሙ ወደ ካውንስሉ ይዞራል። ካውንስሉ መንገዱ አደገኛ እንዳይሆን በነገሩ ሁኔታ የሚጠበቀውን ጥንቃቄ ሁሉ ማድረጉን ያሳያል። ሕጉ ፍርድ ቤቱ ከሚመለከታቸው ነገሮች መካከል የመንገዱን ዓይነትና የሚተላለፍበትን ሕዝብ፣ ለእንዲህ ያለ መንገድ የሚገባውን የጥገና ደረጃ፣ አንድ አስተዋይ ሰው መንገዱን በምን ሁኔታ አገኘዋለሁ ብሎ እንደሚጠብቅ፣ ካውንስሉ ጉድለቱን ያውቅ ወይም ማወቅ ይገባው እንደነበረ፣ ወዲያው መጠገን የማይቻል ከነበረም የማስጠንቀቂያ ምልክት አድርጎ እንደሆነ ይዘረዝራል። ሥራውን ለተቋራጭ ሰጥቻለሁ ማለትም ብቻውን አያድንም፤ ለተቋራጩ ትክክለኛ መመሪያ እንደተሰጠውና መመሪያውንም እንደፈጸመ ማስረዳት ይጠበቅበታል።

ስለዚህ ደብዳቤው ላይ «በፕሮግራሙ መሠረት ተመርምሯል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ጥያቄ እየጠየቁ ያንብቡት። ፕሮግራሙ ምን ይላል? ሰው የሚበዛበት የገበያ መንገድ ብዙ ጊዜ በየወሩ በእግር ይመረመራል፤ ጸጥ ያለ የመኖሪያ መንገድ በዓመት አንድ ጊዜ ሊሆን ይችላል። ሰፈራችሁ በየትኛው ተመደበ? የአውቶቡስ ማቆሚያው ከመተከሉ በፊት የተሰጠ ምድብ ከሆነ ዛሬም ትክክል ነው? የመጨረሻው ምርመራ በየትኛው ቀን ነበር? መርማሪው በእግሩ ሄደ ወይስ በመኪና አለፈ? ከ2016 ጀምሮ የወጣው ብሔራዊ የመንገድ አያያዝ መመሪያ ቋሚ ቁጥሮችን ትቶ እያንዳንዱ ካውንስል የአካባቢውን አደጋ መዝኖ የራሱን ድግግሞሽ እንዲወስን ያደርጋል። ይህ ለካውንስሉ ነፃነት ይሰጠዋል፤ በዚያው ልክ ግን «እንዲህ የወሰንኩት በዚህ ምክንያት ነው» የሚል የተጻፈ ምዘና እንዲኖረው ይጠበቃል። ምዘናው ከሌለ መከላከያው ይሳሳል።

ገንዘብ የለንም የሚለው ክርክር ደግሞ በዚህ አንቀጽ ቦታ የለውም። በ2011 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ዊልኪንሰን የተባሉ ብስክሌተኛ በዮርክ ካውንስል ላይ ባቀረቡት ጉዳይ፣ ካውንስሉ የሰው ኃይልና በጀት ስላነሰው መንገዱን መመሪያው ከሚመክረው ባነሰ፣ በዓመት አንዴ ብቻ እንደሚመረምር አስረድቶ ነበር። ፍርድ ቤቱ የሀብት እጥረት በአንቀጽ 58 ከሚታዩት ነገሮች ውስጥ የለም ብሎ መከላከያውን አልተቀበለውም። ከካውንስል ጋር በሚደረግ ደብዳቤ መጻጻፍ ላይ «በበጀታችን ውስንነት» የሚል ሐረግ ካገኙ በጥንቃቄ ያስቀምጡት።

የእርስዎ ጉዳይ ትልቁ ጉልበት ያለው ግን በጎረቤትዎ ስልክ ላይ ነው። የምርመራው ሥርዓት እንከን ባይኖረው እንኳ፣ ካውንስሉ በምርመራዎቹ መካከል ጉድለቱ ተነግሮት ዝም ካለ ነገሩ ይለወጣል፤ አውቋልና። ባርንስሊ ካውንስል በ2017 በዚሁ ተሸንፏል። አንድ ነዋሪ ስለ ጉድጓዱ ዓርብ ዕለት አመልክቶ ነበር፤ ካውንስሉ እንዲህ ያሉ ጥቆማዎችን ቅዳሜና እሑድ የሚመዝን ሰው ስላልነበረው መርማሪ የሚላከው በሚቀጥለው የሥራ ቀን ነበር። ቅዳሜ ማታ ክራውሊ የተባሉ ሯጭ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ገብተው ተጎዱ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በአብላጫ ድምፅ፣ ጥቆማው በተለይ አደገኛ ሊሆን የሚችል ጉድለትን የሚመለከት እያለ ከሥራ ቀን ውጭ በጭራሽ የማይመዘንበት ሥርዓት ጥንቃቄ አያሟላም አለ። የአንድ ቀን መዘግየት እንኳ እንዲህ ከተመዘነ፣ ጎረቤትዎ ከአደጋው ሳምንታት በፊት ደውለው ከነበረ ካውንስሉ ብርቱ ማብራሪያ ያስፈልገዋል።

ችግሩ «ደውዬ ነበር» የሚለው ቃል ብቻውን ደካማ መሆኑ ነው። ጎረቤትዎ የስልክ አገልግሎት ሰጪያቸውን የዝርዝር ቢል ይጠይቁ፤ የካውንስሉ ቁጥር፣ ቀኑና የቆየበት ደቂቃ ይታይበታል። ጥቆማ ቁጥር በጽሑፍ ወይም በኢሜይል ተልኮላቸው እንደሆነ ይፈልጉ። ፊክስ ማይ ስትሪት በተባለው ድረ ገጽ ላይ ሌላ ሰው ስለዚሁ መንገድ አመልክቶ እንደሆነም ይመልከቱ፤ ጥቆማዎቹ ከነቀናቸው ለሁሉም ይታያሉ። ብዙ ሰው የማያስበው ሌላ ምስክር ደግሞ ጉግል ስትሪት ቪው ነው፤ የቆዩ ፎቶዎችን ከተነሡበት ወርና ዓመት ጋር ያሳያል። ድንጋዩ ከዓመት በፊት በተነሣ ፎቶ ላይ ከፍ ብሎ ከታየ፣ «በመጨረሻው ምርመራ ጉድለት አልታየም» የሚለው ቃል ራሱ የምርመራውን ጥራት ጥያቄ ውስጥ ያስገባዋል።

ከካውንስሉ ዘንድ ያለውን ማስረጃ ለማግኘት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የመረጃ ነፃነት ሕጉ ነው። ማንኛውም ሰው በጽሑፍ ሊጠይቅ ይችላል፤ መልሱም በመደበኛው በ20 የሥራ ቀን ውስጥ ይሰጣል። ሁለተኛውና የተሻለው ለአካል ጉዳት ካሳ ከክስ በፊት የሚከተሉት የአሠራር ደንብ ነው። በመንገድ ላይ በመደናቀፍ ለሚቀርብ ጥያቄ ደንቡ ካውንስሉ ኃላፊነቱን ሲክድ የሚሰጣቸውን ሰነዶች በስም ይዘረዝራል፤ ከአደጋው በፊት ባሉት 12 ወራት የተደረጉ የምርመራ መዝገቦች፣ የጥገና መዝገቦች የተቋራጮቹን ጨምሮ፣ የጥገና ፖሊሲ የተነጋገሩባቸው ስብሰባዎች ቃለ ጉባኤ፣ ስለ መንገዱ የቀረቡ አቤቱታዎች፣ በዚያው መንገድ ላይ የደረሱ ሌሎች አደጋዎች። የተላከልዎት ደብዳቤ ከነዚህ አንዱንም አባሪ አላደረገም። ዛሬ ነገ ሳይሉ እነዚህን ሰነዶች በስማቸው እየጠሩ የሚጠይቅ ደብዳቤ ይላኩ። ጠበቃ ለመያዝ ያሰቡ እንደሆነም ጠበቃው መጀመሪያ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

የይርጋው ጊዜ ለአካል ጉዳት ከአደጋው ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ክሱ ፍርድ ቤት መግባት አለበት፣ ደብዳቤ መጻጻፍ ጊዜውን አያስቆመውም። ፍርድ ቤቱ በልዩ ሁኔታ የማራዘም ሥልጣን ቢኖረውም በዚያ ላይ የሚመካ ሰው ሊኖር አይገባም። ለልጅ ከሆነ ጊዜው 18 ዓመት ሲሞላው ይጀምራል። ስኮትላንድ ግን የራሱ ሕግ አለው፤ አንቀጽ 41ም ሆነ 58 እዚያ አይሠሩም።

አሁን ስለ እናትዎ ቃል ልንገርዎ፤ በኛ ማኅበረሰብ ብዙ ጉዳይ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። እናትዎ እንግሊዝኛ አይናገሩም ብለዋል። የፍርድ ቤቱ ደንብ ምስክር ቃሉን በራሱ ቋንቋ እንዲጽፍ ያዛል። ስለዚህ የእናትዎ ቃል መጀመሪያ በአማርኛ፣ በራሳቸው አነጋገር ይጻፍ፤ እሳቸውም ያንን አንብበው ወይም ተነቦላቸው ይፈርሙ፤ ከዚያ ተርጓሚው ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ትክክለኛነቱን በፊርማው ያረጋግጥ። እርስዎ በእንግሊዝኛ ጽፈውላቸው እሳቸው ያልገባቸው ወረቀት ላይ ከፈረሙ፣ የተከሳሽ ጠበቃ በአስተርጓሚ ሁለት ጥያቄ ጠይቆ ቃሉን ያፈርሰዋል። ይህን ያህል እርግጠኛ ሆኜ የምናገረው ከእውነት የራቀ ነገር ስላለ ሳይሆን፣ እውነቱ ራሱ በሌላ ሰው አነጋገር ሲቀርብ ስለሚጠረጠር ነው።

የሆስፒታሉንና የሐኪማቸውን መዝገብ ቅጂም አሁኑኑ ያስወጡ። በድንገተኛ ክፍል በጭንቀት ሰዓት፣ ከፊል በእርስዎ ትርጉም፣ ከፊል በምልክት የተነገረ ነገር እንዴት እንደተመዘገበ ይዩት። «ግቢ ውስጥ ወደቁ» ወይም «አዞራቸው» የሚል ቃል ቢገኝበት ካውንስሉ ያንን ያነሣዋል። ስሕተት ካለ ጊዜ ሳይወስዱ እንዲታረም ወይም ማብራሪያው እንዲያያዝ ይጠይቁ። በምንም መንገድ ግን ነገሩን ለማሳመር አይሞክሩ። በ2015 ሥራ ላይ በዋለው ሕግ፣ ተጎጂው በጉዳዩ መሠረታዊ ነገር ላይ ሐቀኛ ካልሆነ የእውነተኛው ጉዳቱ ካሳ ጭምር ሊቀርበት፣ ያለዚያ የማይጠየቀውን የተከሳሽ ወጪም ሊከፍል ይችላል። እናትዎ መንገዱን ሲሄዱ ስልክ ያነጋግሩ ከነበረ ይናገሩ። ፍርድ ቤቱ የራሳቸውን ድርሻ ገምቶ ካሳውን ሊቀንስ ይችላል፤ ሙሉ በሙሉ ከማጣት ግን እጅግ ይሻላል።

ስለ ወጪው። ለእንዲህ ያለ ጉዳይ የመንግሥት የሕግ ድጋፍ ገንዘብ በአብዛኛው አይገኝም። ጠበቆች የሚሠሩት «ካላሸነፍን አንከፈልም» በሚለው ስምምነት ነው፤ ካሸነፉ የሚወስዱት የስኬት ክፍያ ከሕመም ካሳውና እስከዚያ ድረስ ከደረሰው ኪሳራ 25 ከመቶ መብለጥ አይችልም። ከ2013 ጀምሮ በአካል ጉዳት ክስ የተሸነፈ ተጎጂ በመደበኛው የተከሳሽን ወጪ አይከፍልም፤ ከላይ ያልኩት ሐቀኛ ያለመሆን ጉዳይ ግን ይህን ከለላ ያነሣዋል። ስምምነቱን ከመፈረምዎ በፊት ለሕክምና ሪፖርትና ለመድን የሚቆረጥ ሌላ ገንዘብ ይኖር እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ።

ካሳው ሕመሙን ብቻ አይሸፍንም። «እናቴን ሳጥብ፣ ሳለብስ፣ ምግብ ሳበስልላቸው የቆየሁበት ሦስት ወር ለኔ የልጅነት ግዴታዬ ነው» ብለው ጽፈዋል፤ ይህን ማንም አይነሣዎትም። የእንግሊዝ ሕግ ግን ቤተሰብ ያለ ክፍያ የሰጠውን እንክብካቤ ዋጋ ተጎጂው ከጉዳቱ አድራሽ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል፤ ገንዘቡም ለአስታማሚው እንደ አደራ የሚያዝ ነው። ስለዚህ ከአደጋው ቀን ጀምሮ በየቀኑ በግምት ስንት ሰዓት እንዳስታመሙ፣ ከሥራ የቀሩበትን ቀን፣ የታክሲውን ደረሰኝ ሁሉ ሳይረሱ አሁን ይጻፉ። በዚህ ርዕስ ላይ ወገኖቻችን በይሉኝታ ብዙ ይተዋሉ፤ እኔ መተው የለባቸውም ባይ ነኝ።

ኃላፊው ትክክለኛው አካል ስለመሆኑ ብዙ አልልም፤ የተላከው ደብዳቤ መንገዱ የኛ አይደለም አላለምና። ለሌሎች አንባቢዎች ግን፦ በሁለት እርከን ካውንስል ባለበት አካባቢ መንገዱ የካውንቲው እንጂ የዲስትሪክቱ አይደለም፤ በእንግሊዝ ሞተርዌዮችና ዋና ዋና የኤ መንገዶች በናሽናል ሃይዌይስ፣ በለንደን ቀይ መስመር ያለባቸው መንገዶች በትራንስፖርት ፎር ለንደን ሥር ናቸው። ያደናቀፈው የውኃ ወይም የስልክ ድርጅት ክዳን ከሆነ በ1991 በወጣው ሕግ ድርጅቱም ሊጠየቅ ይችላል። አዲስ በተሠሩ ሰፈሮች ደግሞ መንገዱን ካውንስሉ ገና ያልተረከበው ሊሆን ይችላል፤ ካውንስሉ በሕዝብ ገንዘብ የሚጠገኑትን መንገዶች ዝርዝር ለሕዝብ ክፍት አድርጎ የመያዝ ግዴታ አለበት፣ መጀመሪያ እሱን ይዩ።

የወንድምዎ ጎማና ቸርኬ ጉዳይ በዚሁ አንቀጽ 41 እና 58 ይታያል፤ ልዩነቱ የንብረት ጉዳት ስለሆነ ይርጋው ስድስት ዓመት መሆኑ ነው። ገንዘቡ ከ10,000 ፓውንድ በታች ስለሆነ በአነስተኛ የፍትሐ ብሔር ችሎት ያለ ጠበቃ ራሳቸው ሊከራከሩ ይችላሉ። የጉድጓዱ ፎቶ፣ ትክክለኛ ቦታው፣ የጋራዡ ደረሰኝና ጋራዡ ጉዳቱ ከምን እንደመጣ የጻፈው ቃል ይበቃቸዋል። ፎቶ ለማንሣት ግን መኪና በሚሮጥበት መንገድ መሐል አይግቡ። ለአደጋው ምክንያት የሆነው ውኃ ወይም ጠጠር ብቻ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል፤ በመንገዱ ላይ የተበተነ ጠጠር እንደ አለመጠገን እንደማይቆጠር በ2010 ተወስኗል፣ ለረጅም ጊዜ ሳይጸዳ በተደፈነ ቦይ ምክንያት የሚቆም ውኃ ግን ሊቆጠር ይችላል። ስለ በረዶ በ2000 በዚያን ጊዜ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ የነበረው የጌቶች ምክር ቤት ካውንስሎች ግዴታ የለባቸውም ብሎ ነበር፤ ፓርላማው በ2003 ሕጉን አሻሽሎ፣ በተቻለ መጠን በረዶ መተላለፊያውን አደገኛ እንዳያደርገው የማድረግ ግዴታ ጨምሯል።

በመጨረሻ፣ በዚያው መንገድ ላይ ሌሎች ሦስት ድንጋዮች ተነሥተው እንዳሉና ካውንስሉ ጥቆማ ቢደርሰውም እንዳልመለሰ ጽፈዋል። ለዚህ ሰው እስኪወድቅ መጠበቅ አያስፈልግም። አንቀጽ 56 ማንኛውም ሰው ለባለሥልጣኑ የጽሑፍ ማስታወቂያ ሰጥቶ፣ ይህ የሕዝብ መንገድ መሆኑንና የመጠገን ኃላፊነቱ የእርሱ መሆኑን ያምን እንደሆነ እንዲጠይቀው ይፈቅዳል። ባለሥልጣኑ በአንድ ወር ውስጥ ይመልሳል። ካመነ ጉዳዩ ወደ ማጅስትሬት ፍርድ ቤት፣ ካላመነ ወደ ክራውን ፍርድ ቤት ሊወሰድ ይችላል፤ ፍርድ ቤቱ መንገዱ መበላሸቱን ካረጋገጠ ጊዜ ገድቦ እንዲጠገን ያዛል። ክሱ ወጪ ሊያስከትል ስለሚችል ፍርድ ቤት ከመሄድዎ በፊት ምክር ይጠይቁ። ማስታወቂያውን ለመጻፍ ግን ጠበቃ አያስፈልግም፤ የመንገዱን ስም፣ ድንጋዮቹ ያሉበትን የቤት ቁጥር ትይዩ፣ ፎቶና ልኬት አያይዘው እርስዎና ጎረቤትዎ በጋራ ፈርማችሁ በሪኮማንዴ ይላኩት፤ የላካችሁበትን ደረሰኝም ያስቀምጡ።